ከኋላ ወንበር በግራ በኩል

ጥር 6 ቀን

እታበባ፣

እንደምን ሰነበትሽልን? «ደህና ነን ብለህ ብቻ እንዳታልፈኝ» ስላልሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ። እማዬ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳለች። አባዬ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ይይዛል፣ ገጹን ሲገልጥ ግን አላየሁትም። እኔም እማራለሁ። ወንድም ጋሼ ከሞተ ወዲህ አስተማሪዎቹ ጥያቄ አይጠይቁኝም። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

ደብዳቤሽን የስንቅ መኪናው ሹፌር በር ድረስ አመጣልን። ስልክ ይሠራበት የነበረውን ኮረብታ ለግድቡ ድንጋይ ፈልጣችሁ ጨረሳችሁት አሉ። እንግዲህ በወረቀት ነው የምንነጋገረው።

ለጠየቅሽው ነገር፣ አዎ፣ መኪናዋ እዚያው ናት። ወንድም ጋሼ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ያቆማት ቦታ፣ ከበሩ ጎን። የፍሪጅ መጠገኛ ሳጥኑም ቀበቶ እንደታሰረ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ትናንት ከአባዬ ጋር ልናስነሳት ሞከርን። ሳጥኑን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጌ እንደ ደንቡ በግራ በኩል ተቀመጥኩና ቀበቶዬን አሰርኩ። «ለከተማ ውስጥ ሥራ ሳጥኑ ይበቃታል፣ ራቅ ላለ መንገድ ግን ሰው ትፈልጋለች» ይል የነበረውን መቼም አትረሺውም። ሽቦው በወንበሩ ሥር ስለሚያልፍ ክብደት ካልተሰማት አትነሳም። እኔም ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ክብደቷ ነኝ።

አባዬ ቁልፉን አዞረ። «ጭ» ብላ ዝም አለች። ቀበቶዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ዝም።

«በደንብ ተቀመጥ እንጂ» አለኝ አባዬ።

በደንብ ተቀመጥኩ። ዝም።

ሠፈር ውስጥ ያለውን መካኒክ ጠራነው፣ ቶሎን። ስሙ የወጣለት በዕድሜው አንድም ነገር ቶሎ ጨርሶ ስለማያውቅ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አየ። «ባትሪው ሞቷል» አለ። ከዚያ እማዬ በሩ ላይ መቆሟን ሲያይ ጊዜ «ማለቴ፣ ደክሟል» ብሎ አረመ። አይጥ ሽቦ ቆርጧል፣ ጎማዎቹ በአንድ ጎናቸው ተጋድመዋል፣ የፍሬን ሸራው ተጣብቋል። «መኪናን የሚገድላት፣ ይቅርታ፣ የሚያደክማት መንዳት መሰላችሁ? መቆም ነው» አለን። እማዬ ሣቀችበት። ከሀዘኑ በኋላ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዋ ነው።

«ሽጧት» ያልሽውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አባዬ ጋዜጣውን አነሳ። እማዬ «የምትከፍለው እሷ ናት፣ እሷ ታውቃለች» አለች። የጥገናው፣ የኢንሹራንሱ፣ የጎማው ሁሉ ከደመወዝሽ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ግን መኪናዋ ከሄደች በር ላይ የሚቀርልን አንድ የዘይት ነጠብጣብ ነው። እስቲ አስቢበት።

ክብደቱ ወንድምሽ

*

ጥር 21 ቀን

ኩታራው፣

ደብዳቤህ ሲሚንቶ ሲሚንቶ እየሸተተ ደረሰኝ፤ ሹፌሩ ከረጢቱ መሐል ወሽቆት ነው የመጣው። ሰላምታህን በሙሉ ተቀብያለሁ። እማዬ በመሣቋ መካኒኩን ከእንግዲህ አልሰድበውም።

በሹፌሩ በኩል «መቼ ትመጪያለሽ?» ላልከው፣ ኩቦቼን ትቼ መምጣት አልችልም። ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ላስረዳህ። የግድቡ ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር ትንሽ ይቀዳና በብረት ቅርጽ ውስጥ ኩብ ሆኖ ይደርቃል። በሃያ ስምንተኛው ቀን እኔ በመጭመቂያ እሰብረዋለሁ፣ ስንት ችሎ እንደተሰበረ እመዘግባለሁ። ቀኑ ካለፈ ዋጋ የለውም። እዚህ ደግሞ ኩብ የማይደርስበት ቀን የለም።

ስለ መኪናዋ አስቤበታለሁ። ትሸጥ። መካከለኛ ኤስዩቪ ሲሉህ መካከለኛው መጠኗ ነው፤ ሆዷ ግን ትልቅ ነው። ሽቦ ስትቀይርላት ቺንጊያ ትላለች፣ ቺንጊያ ስትቀይርላት ሾክ ትላለች። ለመሸጥ የሚያስፈልጋትን ያህል ብቻ አስጠግኑ፣ እኔ እልካለሁ።

ለገዢው ግን አንድም ነገር አትደብቁ። አባዬ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ሒሳብ ሲመረምር የኖረ ኦዲተር ነው፤ ሰው አታሎ እንቅልፍ አይወስደውም። የአንተ ወንበር አለ። የአባዬ መስኮት አለ፣ አንዴ ከወረደ እንደማይወጣ ንገሩት። ዳገት ላይ ድምፅ ሲበዛ ሴንሰሩ ተደናግሮ ማርሹ እንደሚንሸራተት እማዬ ታስረዳው። የኋላ ማርሽ የሚገባው ደግሞ ሰው ከኋላ ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ ብቻ መሆኑን እንዳትረሳ። ለዚህኛው እኔ ምስክር ነኝ፤ በአውቶቡስ ጣቢያው ሕዝብ ፊት ስንት ጊዜ ዝናብ እየመታኝ አወናጭፌያለሁ።

በርታ። ለጥያቄ እጅህን አውጣ።

እህትህ

*

የካቲት 9 ቀን

እታበባ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የላክሽው ደርሷል፣ ጥገናውም አልቋል። ቶሎ «ማክሰኞ ውሰዷት» ብሎን ነበር፤ የትኛውን ማክሰኞ እንደሆነ ባለመጠየቃችን ጥፋቱ የእኛ ነው። ጋራዥ በወሰዳት ቁጥር ከትምህርት ቤት ስመለስ እየሄድኩ ከኋላ እቀመጥለት ነበር። ለሙከራ ሲያወጣትም አብሬው እወጣለሁ። አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም፣ እንዲያውም ፊቱን ያጠቁርብኛል።

«ገዢ ተገኘ ወይ?» ካልሽኝ፣ ተገኝቷል፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኬሚስትሪ አስተማሪያችን። «አንድ ጠብታ ብቻ! አንድ ጠብታ!» እያሉ ስለሚያስተምሩ ተማሪው መምህር ጠብታ ይላቸዋል። ቅዳሜ መጡና ከአባዬ ጋር ገና ሲተያዩ ተግባቡ፤ ሁለቱም የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ የሚቆልፉ ሰዎች ናቸው።

እንዳልሽው አንዱንም አልደበቅንም። መምህር ጠብታ መሪ ያዙ፣ አባዬ ከጎናቸው፣ እማዬና እኔ ከኋላ። አባዬ ለብሶት የመጣው የሱፍ ኮት ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ የጉድ ነበር።

«መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት» አሉት መምህሩ።

«አይቻልም» አለ አባዬ ላቡን እየጠረገ። «ከወረደ አይወጣም።»

ዳገቱ ጋ ስንደርስ መምህር ጠብታ ስለ ቤንዚን ፍጆታዋ መጠየቅ ጀመሩ። እማዬ ከኋላ ትከሻቸውን መታ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እሳቸውም ደንግጠው ዝም አሉ። ዳገቱን ጨርሰን እስክንወርድ ድረስ አራታችንም ትንፍሽ አላልንም። ለመዞር ደግሞ እማዬ ወርዳ ከኋላ ቆማ እጇን አወናጨፈች። ከሱቁ በር ላይ ሆነው የሚያዩን ሰዎች አጸፋውን እጃቸውን አወዛወዙላት።

«ይህ ሁሉ በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ?» ብለው ጠየቁኝ መምህሩ።

«የለም» አልኳቸው። «ወንድሜ ነው ያገኘው።»

ለረጅም ጊዜ መነጽራቸውን ጠረጉ። ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩ መስሎኝ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ነበር። «አስብበታለሁ፣ አንድ ቀን ብቻዬን ብነዳት ይሻላል» ብለው ሄዱ። ብቻቸውን እንዴት ሊያስነሷት ነው? አላዘንኩላቸውም ብል ዋሸሁ።

ሹፌሩ ከስታለች አለን። እውነት ነው?

ወንድምሽ

*

የካቲት 23 ቀን

ኩታራው፣

አልከሳሁም። ሹፌሩ የሚያወዳድረኝ ከማብሰያ ቤቱ ኃላፊ ጋር ስለሆነ ነው።

እማዬ ሱቁ ፊት ስታወናጭፍ ታየኝና መጭመቂያው ላይ ተደግፌ ሣቅሁ፤ ረዳቴ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። ቀጥሎ እውነትም እንደሞተብኝ ትዝ ብሎኝ ውኃውን ጠጣሁት።

በሹፌሩ በኩል «ፎቶ ልላክልሽ?» ላልከው፣ አትላክ። የእማዬንና የአባዬን ከሆነ ቤት ውስጥ አንሳቸው፣ በር ላይ አይሁን።

መምህርህ ከወሰዷት ወዲያውኑ ጻፍልኝ። ያን ጊዜ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ኩቦቹን ረዳቴ ይሰብራቸዋል፣ ለምዶታል።

እህትህ

*

መጋቢት 15 ቀን

እታበባ፣

ሹፌሩ ሁለቴ መጥቶ ባዶ እጁን በመመለሱ ይቅርታ። አልታመምኩም። ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ተናድጄ ስለምነሳ ነው።

የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነበር። የምቀመጠው መስኮቱ ጋ ነው። ስለ ነፋስ እየተማርን ሳለ አንዲት መኪና ግቢ ገባች። ስፖኪዮዋ ላይ ያለውን ጭረት አውቀዋለሁ፣ በብስክሌት የጫርኩት እኔ ነኝ። መሪውን የያዙት መምህር ጠብታ ናቸው። ከኋላ ሰው የለም። ሳጥኑም የለም።

ሳላስበው ብድግ ብዬ «ከኋላ ማንም የለም!» አልኩ።

አስተማሪዋ ከኋላዬ ወዳለው ግድግዳ አየት አደረገችና «ማን እንዲኖር ፈልገህ ነበር?» አለችኝ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሮጬ ወጥቼ ነበር።

ግቢው ውስጥ ደረስኩባቸው። መምህር ጠብታ የአባዬን መስኮት በአንድ ጣታቸው አወረዱት። መልሰው አወጡት። እንደገና አወረዱት። «ማን አስነሳልዎት?» አልኳቸው። «ቁልፉ» አሉኝ። አባዬ ጠዋት ሳጥኑን አውጥቶ ወደ ቤት አስገብቶ፣ ለአንድ ቀን ብቻቸውን እንዲነዷት ቁልፉን ሰጥቷቸዋል። ዳገቱን እያፏጩ ወጥተውታል። ከኋላ ማርሽ አስገብተው ማንም ሳያወናጭፍላቸው እፊቴ ዞሩ።

«ስማ» አሉኝ፣ «ሻጭ ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ። የራሱን ዕቃ እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያማ ሻጭ ግን በሕይወቴ እናንተን አየሁ። ይህች መኪና ምንም የላትም።»

ከክፍል ሮጬ በመውጣቴ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ቀረብኩ። «ለምን ወጣህ?» ሲሉኝ «መኪናችን ተነሳች» አልኳቸው። ወላጅ አምጣ አሉኝ።

ወላጅ ከማምጣቴ በፊት ጋራዥ ሄድኩ። ቶሎ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። «ያለ እኔ አስነስተሃት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ስንቴ» አለኝ እግሩ።

«ታዲያ ከኋላ ስቀመጥልህ ለምን ዝም አልከኝ?»

ተንሸራትቶ ወጣ። «ሌባ ነው ብለህ የምትጠብቀኝ መስሎኝ ነዋ። እንዴት ከፍቶኝ ነበር መሰለህ።»

እታበባ፣ ገባሽ? አንዱም እውነት አልነበረም። ስንት ቅዳሜ ኳሴን ጥዬ ሄጃለሁ። በየሰው ማዕድ ቤት ፍሪጅ ሲጠግን መብራት ይዤለት ቆሜአለሁ፣ ተርቤ ውዬ ተመልሻለሁ፣ እኔ ከቀረሁ መንገድ ላይ ይቀራል ብዬ። እሱ ከፊት ሆኖ ሲስቅብኝ ነበር ማለት ነው። አሁን ሄጄ እንዳልጣላው እንኳን የለም። መኪናዋ ያለ እኔም ትነሳ ነበር። እሱም ያለ እኔ መሄድ ይችል ነበር።

መምህር ጠብታ ዋጋ ጨምረዋል። ገንዘቡ ከቁጠባ ማኅበራቸው እስኪወጣ ነው የምንጠብቀው። እኔም ተስማምቻለሁ። ትሂድ።

*

መጋቢት 29 ቀን

ወንድሜ፣

ሹፌሩን ለምሳ እንኳን ሳይቀመጥ እንዲመለስ ለምኜው ነው፣ ይህ ደብዳቤ ከፊርማው በፊት እንዲደርስህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያለ አንተ መሄድ ይችል ከነበረ፣ ለምን ይዞህ ሄደ?

የአንተን ወንበር አውቀው ነበር። ባለፈው ዓመት አውቶቡስ ጣቢያ ሲሸኘኝ ነገረኝ። «ና እንሂድ ስለው የቤት ሥራ አለብኝ ይለኛል» አለኝ፤ «ያለ አንተ አትነሳም ስለው ግን ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚሮጠው። መንገዱ ደግሞ ብቻዬን ይረዝምብኛል።» ሳጥኑን በየጠዋቱ እፊትህ ቀበቶ ሲያስርለት እንዴት ሣቁን እንደሚይዝ አሳየኝ። እኔም ሣቅሁ፣ «ምስኪን ልጅ፣ እንዴት አመነህ» አልኩት። ከዚያ ከመኪናው ወርጄ፣ ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ከኋላ ቆሜ እንዲዞር አወናጨፍኩለት። ልብ በል። አንተን «እንዴት አመነው» ብዬ እየሣቅሁብህ ነው።

የኋላ ማርሹን እስከ ባለፈው ደብዳቤህ ድረስ እውነት ነው ብዬ ነበር። መጭመቂያው ፊት ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝ። ስለያይ የማለቅስ ሰው ነኝ፣ ታውቀኛለህ። በዚያ ጣቢያ ግን አንድም ቀን አልቅሼ አላውቅም። ሁልጊዜ ሕዝብ ፊት አዋረድከኝ ብዬ እየተሳደብኩ ነው አውቶቡስ የምሳፈረው፤ እሱ በመስኮት እየሣቀ ይሄዳል። ለእማዬ ዝም እንድትል ዳገቱን የሰጣት፣ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ስትለው ስለሚደናገጥ ይሆናል። የአባዬን መስኮት ምክንያት ግን አላገኘሁትም።

አሁን የእኔን ብልሽት ስማ። ለኩብ ብዬ አይደለም ያልመጣሁት። ዜናው እዚህ የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። እዚህ ሆኜ ሳስበው እሱ ከተማ ውስጥ ፍሪጅ እየጠገነ ነው። ቤት ከመጣሁ ግን መኪናዋን በር ላይ ቆማ አያታለሁ፣ ቀጥሎ በሯ ተከፍቶ እሱ አይወርድም። ሽጧት ያልኩት ያን ላለማየት ነው። ኢንሹራንሱንማ ለምጄዋለሁ።

ስለዚህ ውሳኔው የአንተ ነው። ብትሸጣት አልቀየምህም፣ ብታስቀራት ጎማዋን እችላለሁ። ብቻ ተናደህ አትሽጣት።

እህትህ

*

ሚያዝያ 14 ቀን

እታበባ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ለረዳትሽ፣ ቀናቸው ለደረሰም ላልደረሰም ኩቦችሽ።

ደብዳቤሽን ኋላ ወንበር ላይ ሄጄ አነበብኩት፣ በግራ በኩል። ካነበብኩት በኋላም እዚያው ቆየሁ። ከዚያ መምህር ጠብታ ቤት ሄድኩ።

«አልሸጥም» ለማለት ነበር የሄድኩት፤ በር ሲከፍቱልኝ ግን ፈራሁና «መኪና መያዝ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስበውታል?» አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይወዳሉ። ጥቁር ሰሌዳ ቤታቸውም አላቸው። ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ የፍሬን ሸራውን፣ ኢንሹራንሱን፣ ዓመታዊ ምርመራውን እየጻፉ ሲደምሩ ጠመኔያቸው እየቀዘቀዘ መጣ። ከሁሉ በላይ የጎዳቸው ቶሎ ነው። ጋራዥ በምትቆምባቸው ማክሰኞዎች ሁሉ በታክሲ እንደሚመላለሱ አስታወስኳቸው፣ እሱንም ደመሩት።

«ከዚህ ሁሉ» አልኳቸው፣ «በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ብናደርስዎትና የቤንዚን ቢያዋጡስ?»

ሰሌዳውን ብዙ አዩት። «እንደዚህ ሲሰላ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ከሁሉም የሚረክሰው መኪና የሰው መኪና ነው።» ተጨባበጥን። የጂኦግራፊዋንም አስተማሪ ይዘው መጡ፣ እሷም ታዋጣለች። ኢንሹራንሱ እንግዲህ ከደመወዝሽ አይወጣም።

«ማን ነው የሚነዳት?» እንደምትይ አውቃለሁ። እማዬ ናት። ለካ ሳትነግረን ስትማር ቆይታለች፣ መንጃ ፈቃድ ፈተናዋን አልፋለች። «እግሬ ከስፌት መኪና ፔዳል ወርዶ አያውቅም፣ ይሄ ምን ይከብዳል» ነው የምትለው። ዳገቱ ጋ ስትደርስ አሁንም ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ሴንሰር የሚባል ነገር እንደሌለ ነገርናት። «አውቃለሁ፣ አሁን የምደናገጠው እኔ ነኝ» አለች።

የአባዬ መስኮት ምክንያት ደግሞ ተገኝቷል። አባዬ መስኮቱ እንደሚወርድ ካወቀ ጀምሮ አላወጣውም። አንገቱን አውጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ይመክራል። «አንተ፣ ልጅህን በግራ እጅህ ያዘው! አንቺ፣ ቀይ ነው እኮ!» ትናንት የአንድ ትራፊክ ፖሊስ አቋቋም አስተካክሎ፣ እማዬ ይቅርታ እየጠየቀች ነው ያለፍነው። ወንድም ጋሼ ያን መስኮት የዘጋው ለሕዝብ ሰላም ነው። ጋዜጣውንም መግለጥ ጀምሯል፣ በመንገድ ላይ የሚከራከርበት ነገር ስለሚፈልግ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት መምህር ጠብታ ሳያውቁ በግራ በኩል ከኋላ ሊገቡ በሩን ከፈቱ። እማዬ ዞር ብላ «ይቅርታ መምህር፣ እዚያ ሰው አለ» አለቻቸው። ሰው አልነበረም፣ እኔ ገና ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እሳቸው ዞረው በቀኝ ገቡ። እኔ ገብቼ ቀበቶዬን እስካስር እማዬ ቁልፉን ይዛ ጠበቀች። ሁላችንም እውነቱን እናውቃለን። ግን ጠበቀች።

አሁንም እናደድበታለሁ። ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ጣቢያ ላይ ስትሳደቢው እንደነበረው ዓይነት ነው።

የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም። አዲስ ብልሽት ወጥቶባታል። ቶሎ ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ አላገኘውም፣ መመሪያው መጽሐፍ ላይም የለም። ከቤት ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ስንወስዳት ምንም አትልም፣ ሳጥኑን ቀበቶ አስረንላት ትሄዳለች። ከጣቢያው ወደ ቤት ለመመለስ ግን ሳጥኑ አይበቃትም። ሞክረናታል። ሽቦው በቀኝ በኩል ባለው ወንበር ሥር ነው የሚያልፈው፣ ክብደቱም የሚታወቅ ሰው ክብደት መሆን አለበት።

ቅዳሜ እዚያ ይዘናት እንቆማለን። የኋላ ማርሹ እንደ ድሮው ነው፣ መጥተሽ አወናጭፊላት። ያላንቺ አትነሳም።

ወንድምሽ